ጅማ ላይ ሆናችሁ ተክል ላለው አኳሪየም ርካሽ መብራት ስትመርጡ

አኳሪየም (የዓሣ መስታወት ገንዳ) ውስጥ ተክል ለማሳደግ ውድ መብራት ያስፈልጋል ይባላል። ይህን ሰምቶ ገና ሳይጀምር የሚተው ሰው ብዙ ነው፤ ያሳዝነኛል። ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የሚገዛ ተራ ነጭ ኤልኢዲ በልኩ ተመርጦ በልኩ ከተሰቀለ እንደ አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ያሉትን የውሃ ተክሎች ዓመት ሙሉ አረንጓዴ አድርጎ ያቆይላችኋል። ለአኳሪየም ተብሎ የተሠራ መብራት ጅማ ላይ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፤ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር አስጭኖ ማምጣትም ግድ አይደለም። ሂርማታ ገበያ ወጣ ብላችሁ የምታገኙት ይበቃል። ግን አመራረጡን ማወቅ አለባችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ገንዳ የሚበላሸው መብራት አንሶት ሳይሆን በዝቶበት ነው።

1. መጀመሪያ ተክሉን ወስኑ

ሱቅ ገብታችሁ ስንት ዋት እንደምትፈልጉ ከመናገራችሁ በፊት ምን እንደምትተክሉ እወቁ። ተክል ምግቡን የሚሠራው በብርሃን፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃው ውስጥ ባለው ንጥረ ነገር ነው። ብርሃኑን ብቻ ብትጨምሩ፣ ሌሎቹ በዚያው ልክ ካልጨመሩ፣ ተክሉ ትርፉን አይጠቀምበትም። የሚጠቀምበት አልጌ፣ ቅጠልና መስታወት ላይ የሚወጣው አረንጓዴ ዝቃጭ፣ ነው። ስለዚህ በሲሊንደር ካርቦን ዳይኦክሳይድ የማትሰጡ ከሆነ (አብዛኞቻችን አንሰጥም) ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ ብርሃን ነው የሚያዋጣችሁ። ይህ ደግሞ ደስ የሚል ዜና ነው፤ ርካሹም እሱ ነውና።

በትንሽ ብርሃን የሚኖሩት አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርን፣ ጃቫ ሞስና ክሪፕቶኮሪን ናቸው። አኑቢያስ የራሳችን አህጉር ተክል ነው፤ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ፣ ደን ጥላ በሚጥልባቸው ጅረቶች ዳር ይበቅላል። ጥላ ለምዷል። ኃይለኛ ብርሃን ሥር ካደረጋችሁት ቅጠሉ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ አልጌ ይለብሳል።

ቫሊስኔሪያ፣ አማዞን ሶርድና ሴራቶፊለም ትንሽ ከፍ ያለ ብርሃን ይወዳሉ፤ ባነሰም ግን አይሞቱም፣ ቀስ ብለው ያድጋሉ። መሬቱን እንደ ምንጣፍ የሚሸፍኑት ደቃቅ ተክሎችና ደማቅ ቀይ ቅጠል ያላቸው ግን ብዙ ብርሃንም ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይጠይቃሉ። በዚህ መመሪያ በጀት እነሱን አትሞክሩ፣ ገንዘባችሁንም ተክሉንም ታጣላችሁ።

ከአዌቱ ወንዝ ዳር ተክል ነቅሎ ማስገባት የሚያምራችሁ ካላችሁ እኔ አልመክርም። ከተክሉ ጋር አልቅትና ቀንድ አውጣ ይገባል፣ አንዳንዱ የወንዝ ቀንድ አውጣ ደግሞ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ነው፤ እጃችሁን በየሳምንቱ የምትነክሩበት ውሃ መሆኑን አትርሱ።

2. ገንዳውን ለኩ፣ ሉመኑን አስሉ

ርዝመት፣ ወርድና የውሃውን ከፍታ በሴንቲ ሜትር ለኩ፤ አባዙት፤ ለ1,000 አካፍሉት። ሊትሩ ወጣ። 60 በ30 በ35 ቢሆን 63 ሊትር ነው። ጠጠሩና ድንጋዩ የሚይዘውን ስትቀንሱ 55 ሊትር ገደማ ይቀራል።

አሁን ለእያንዳንዱ ሊትር ከ15 እስከ 20 ሉመን አስቡ፤ ሉመን መብራቱ የሚያወጣው የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። 55 ሊትር ከሆነ ከ825 እስከ 1,100 ሉመን ማለት ነው። በዚህ የአኑቢያስ ቡድን በደንብ ይኖራል። መካከለኛዎቹን ከፈለጋችሁ ከ20 እስከ 30 ድረስ ሂዱ። ከ40 በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሚሰጥ ሰው ነው።

ይህ ስሌት የመነሻ ግምት ነው። ሉመን የተሠራው ለሰው ዓይን ነው፣ ለተክል አይደለም፤ ነጭ መብራትን ከነጭ መብራት ለማወዳደር ግን ጥሩ አድርጎ ያገለግላል። ጥልቀትም ይታሰብበት። ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ገንዳ ታች ድረስ የሚደርሰው ብርሃን ስለሚቀንስ ወደ ከፍተኛው ቁጥር ጠጋ በሉ። ገንዳ ገና ያልገዛችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ ጠለቅ ያለውን ትታችሁ ዝቅና ረዘም ያለውን ምረጡ፣ መብራቱ ይረክስላችኋል።

3. ካርቶኑን አንብቡ

ካርቶኑ ላይ ሦስት ቁጥር ፈልጉ።

አንደኛው ሉመን ነው። ደህና ኤልኢዲ በአንድ ዋት ከ80 እስከ 110 ሉመን ይሰጣል። ስለዚህ 9 ዋት አምፖል ከ720 እስከ 1,000 ሉመን አካባቢ መሆን አለበት። 9 ዋት ተብሎ 2,000 ሉመን የተጻፈበት ካያችሁ አትመኑት። «ከ75 ዋት እኩል ነው» የሚለውንም ተዉት፤ ከድሮው ክር አምፖል ጋር ሊያወዳድሩ ፈልገው የሚጽፉት ነው፣ ለእኛ ስሌት አይሆንም።

ሁለተኛው ኬልቪን ነው፣ የብርሃኑ ቀለም ማለት ነው። 3000 ቢጫ ነው፣ 6500 የቀን ብርሃን የሚመስል ነጭ። ተክል በሁለቱም ያድጋል፣ ግን በቢጫው ውሃው የቆሸሸ ይመስላል፤ የተክሉም አረንጓዴ ይደበዝዛል። ከ5000 እስከ 6500 ያለውን ውሰዱ። ሱቆቻችን ውስጥ 6500 በሽ በሽ ስለሆነ በዚህ አትቸገሩም።

ሦስተኛው ቀለምን በትክክል የማሳየት አቅም ነው፣ ሲአርአይ ተብሎ ይጻፋል። 80 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የዓሣው ቀለም ያምራል። ካልተጻፈ ግን ለዚህ ብላችሁ ሱቅ ለሱቅ አትንከራተቱ።

ሐምራዊ የሆነውን የችግኝ መብራት አትግዙ። ተክሉ አይጠላውም፤ ሳሎናችሁ ውስጥ በየማታው የምታዩት ግን እናንተ ናችሁ። ሰማያዊ ብቻ የሆነው የጌጥ መብራትም ለተክል አይበቃም።

4. የትኛው ዓይነት?

እዚህ ላይ ነው ጊዜ ወስዳችሁ ማሰብ ያለባችሁ። አራት አማራጭ አለ።

ኤልኢዲ ቱቦ። በፍሎረሰንት ፋንታ የመጣው ቀጥ ያለው ማለቴ ነው። ለአብዛኛው ሰው የኔ ምርጫ ይኼ ነው። የ60 ሴንቲ ሜትሩ 9 ወይም 10 ዋት ሆኖ ወደ 900 ሉመን ይሰጣል፣ ከላይ ላሰላነው ገንዳ አንዱ ልክክ ይላል። የ120 ሴንቲ ሜትሩ 18 ዋት ገደማ ነው፤ ለረጅም ገንዳ ሁለቱን ጎን ለጎን ማሰር ይቻላል። ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይደርሳል። ስትገዙ ግን መያዣውን ጨምራችሁ ለኩት፤ ቱቦው 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆንም መያዣው ጥቂት ስለሚረዝም ገንዳው ላይ ቁጭ አይልም፣ ወይ ይንጠለጠላል ወይ ጫፉ ወጣ ይላል። የድሮውን ፍሎረሰንት በነጻ ካላገኛችሁት በስተቀር አትግዙ። ብርሃኑ በጊዜ ይደክማል፣ ውስጡ ሜርኩሪ አለ፣ ተሰብሮ ውሃ ውስጥ ቢገባ ደግሞ ጣጣ ነው።

ፓውዛ። ግድግዳና በር ላይ የሚሰቀለውን ትንሹን፣ 10 ወይም 20 ዋቱን ነው የምላችሁ። ውሃ እንዳይገባው ታሽጎ ስለሚሠራ ለአኳሪየም ይመቻል። ብርሃኑ ከአንድ ቦታ ስለሚወጣ ውሃው ሲነቃነቅ ታች ጠጠሩ ላይ የሚሄድ የብርሃን መስመር ይሠራል። እውነተኛ ጅረት ውስጥ የምታዩትን ዓይነት። በጣም ያምራል፣ በቱቦ ይህን አታገኙም። ጠለቅ ላለ ግን ርዝመቱ አጭር ለሆነ ገንዳ እሱን እመርጣለሁ። ከውሃው ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ ከቀረበ መሀሉ ይነዳል፣ ዳሩ ይጨልማል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፣ ይህን አትለፉት። የፓውዛ አካል ብረት ነው። ሦስት ሽቦ ይዞ ይመጣል፤ አረንጓዴና ቢጫ የሆነው የመሬት መስመር ነው። ብዙ ጊዜ ያለ ፕላግ ስለሚሸጥ ሰው ሁለቱን ሽቦ ብቻ አገናኝቶ ሦስተኛውን ቆርጦ ይጥላል። ውሃ አጠገብ ይህን ማድረግ ሕይወት ያስከፍላል። መሬት ባለው ፕላግ፣ መሬት ባለው ሶኬት አሠሩት። የቤታችሁ ሶኬት መሬት ከሌለው ፓውዛውን ተዉትና ቀጥሎ ያለውን ውሰዱ።

12 ቮልት የኤልኢዲ ስትሪፕ። ጂፕሰም ውስጥ የሚደበቀው ጥቅልሉ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ውሃ ላይ ያለው 12 ቮልት ብቻ መሆኑ ነው፤ 220ው አዳፕተሩ ጋ ይቀራል። ሜትር ላይ 60 ትልልቅ ኤልኢዲ ያለው ዓይነት በሜትር 14 ዋት ገደማ ይስባል። 2 ሜትር ብትጠቀሙ ወደ 29 ዋት ነው፤ አዳፕተሩ ጠበብ እንዳይልበት 12 ቮልት 3 አምፒር ግዙለት። ስትሪፕ ይሞቃል፣ ፕላስቲክ ወይም እንጨት ላይ ከለጠፋችሁት በቶሎ ይደክማል። ስለዚህ የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠሩበት ቤት ሂዱና ቁራጭ ፕሮፋይል ለምኑ፤ ብዙ ጊዜ በትንሽ ገንዘብ ይሰጣሉ። እሱ ላይ ለጥፉት። እዚያው መስታወት ስለሚቆርጡ የገንዳውን ክዳንም በዚያው ማስቆረጥ ትችላላችሁ።

ቤታችሁ ትንሽ ሶላርና 12 ቮልት ባትሪ ካለ ስትሪፑ በቀጥታ ከሱ ይሠራል። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ተራ አምፖል። ለትንሽ ገንዳ፣ 20 እና 30 ሊትር ለሚይዘው፣ የጠረጴዛ መብራት ላይ 6 ወይም 9 ዋት ነጭ አምፖል ግጠሙና ጨረሳችሁ። የታፈነ ክዳን ውስጥ ግን አትክተቱት፤ ሙቀት ኤልኢዲን ይገድላል።

ለኤሌክትሪክ ክፍያው አትጨነቁ። 20 ዋት መብራት በቀን 7 ሰዓት ቢበራ በወር 4.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ይህን ከአንድ ሰዓት ትንሽ ባለፈ ጊዜ ይጨርሰዋል።

5. ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ ሞክሩት

አብራልኝ በሉት፤ ማንም ነጋዴ አይከለክልም። የስልካችሁን ካሜራ ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጉ። ስክሪኑ ላይ የሚሮጥ ጥቁር መስመር ከታየ መብራቱ እየተርገበገበ ነው። ተክሉን አይጎዳውም፣ ግን ውስጡ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ርካሽ መሆኑን ይነግራችኋል፤ ዓይንም ያደክማል። ሌላ ይውጣልኝ በሉ።

ሁለት ዓይነት ለማወዳደር ደግሞ ስልካችሁ ላይ የብርሃን መለኪያ አፕ ጫኑ፣ ሉክስ (አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን) የሚለካውን። ሁለቱንም መብራት ከስልኩ እኩል ርቀት አድርጋችሁ ለኩ። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር የቱንም ያህል ቢሆን፣ የበለጠ ሉክስ የሰጠው እዚያ ቦታ ላይ የበለጠ ብርሃን ያደርሳል። ቤት ገብታችሁም ገንዳው ውሃ ሳይሞላ ስልኩን ታች ጠጠሩ ላይ አስቀምጡና እንደገና ለኩ። ከ1,500 እስከ 2,500 ሉክስ ለአኑቢያስና ለክሪፕቶኮሪን ጥሩ ነው። ከ3,000 እስከ 5,000 ለመካከለኛዎቹ። የስልክ መለኪያ ከስልክ ስልክ ስለሚለያይ ቁጥሩን በግምት ያዙት።

6. አሰቃቀልና ጥንቃቄ

ጅማ የእንጨት ሥራ ባለሙያ የሞላባት ከተማ ናት፤ የመብራት መስቀያ ለማሠራት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ቀላል ባለ ሁለት እግር መስቀያ አሠሩ፣ መብራቱ በሰንሰለት ከፍና ዝቅ እንዲል። ይህ ከፍና ዝቅ ማለቱ ዳይመር (ብርሃን መቀነሻ) ከመግዛት ያድናችኋል፤ ብርሃኑ ሲበዛ ከፍ ታደርጉታላችሁ፣ ሲያንስ ታወርዱታላችሁ። እንጨቱ ቫርኒሽ ይቀባ፣ እርጥበት ያብጠዋል። የመስቀያውን የታችኛ ፊት ነጭ ቀለም ብትቀቡት ወደ ላይ የሚባክነው ብርሃን ይመለሳል።

ገንዳው ላይ የመስታወት ክዳን ይኑር። መብራቱ ቢወድቅ ውሃ ውስጥ አይገባም። ክዳኑ ላይ የሚደርቀው ነጭ ነገር ብርሃን ስለሚቀንስ በየሳምንቱ በአቼቶ ጥረጉት።

የኤሌክትሪክ ገመዱ ከሶኬቱ በታች ወርዶ እንደገና ወደ ላይ ይውጣ፤ ውሃ በገመዱ ላይ ቢፈስ ታች ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ማከፋፈያውን መሬት ላይ፣ ገንዳው ሥር አታስቀምጡ። ኤሌክትሪክ ሠሪ ስትጠሩ ደግሞ ኃይል ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጠውን የ30 ሚሊ አምፒር መከላከያ አስገጥሙ። ከመብራቱ በላይ ሊያስወጣችሁ ይችላል፤ እኔ ግን ልጆች ባሉበት ቤት ይህን ሳላይ አኳሪየም እንዲሠራ አልፈቅድም። እጃችሁን ከመንከራችሁ በፊት ሁሌም ንቀሉ።

7. ሰዓቱ

አዲስ ገንዳ በቀን 6 ሰዓት ብቻ ይብራ። ከሦስት ወይም አራት ሳምንት በኋላ፣ ተክሉ ሥር ሲይዝ፣ በየሳምንቱ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ጨምሩና 7 ወይም 8 ላይ አቁሙ። ቤት በምትሆኑበት ጊዜ ይብራ። ከ10 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ጥሩ መጀመሪያ ነው።

ታይመር ግዙ፤ በእጅ አበራለሁ የሚል ሰው ይረሳል። ታይመሩ የሚሠራው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ስለዚህ ከ10 እስከ 4 ለማለት ከ16:00 እስከ 22:00 ሙሉ። በጥርስ የሚዞረው ሜካኒካል ታይመር ርካሽ ነው፣ ግን መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል፤ ሦስት ሰዓት ጠፍቶ ከመጣ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው፣ ገንዳችሁም ሌሊት ሲበራ ታገኙታላችሁ። እኛ ጋ ውስጡ ትንሽ ባትሪ ያለው ዲጂታሉ ይሻላል።

መብራት ሲጠፋ ተክሉ አይሞትም። ሁለትና ሦስት ቀን በጨለማ ይችላል። የባከነውን ሰዓት ለማካካስ ብላችሁ በማግስቱ 12 ሰዓት አታብሩ፣ የሚጠቀመው አልጌው ነው። በመጥፋት ጊዜ የሚያስፈራው የዓሣው አየር ነው፣ እሱን አስቡ።

መስኮት ሥር አስቀምጬ በፀሐይ ብቻ ላሳድግ የሚል ካለ፣ ጅማ ላይ ይህ አስቸጋሪ ነው። ከተማችን ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በጥር ቀጥታ የገባ ፀሐይ ውሃውን በአንድ ሳምንት አረንጓዴ ያደርገዋል። በነሐሴ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ደመና ነው። ተክሉ ከወር ወር የሚለዋወጥ ብርሃን አይወድም። ቀጥታ ፀሐይ የማይመታው፣ ግን ብሩህ የሆነ ክፍል ውስጥ አድርጉት።

8. ተክሉ የሚላችሁን ስሙ

ከአንድ ወር በኋላ ተመልከቱ። ግንዱ ተመዝዞ በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ርቀት ከሰፋ፣ የታችኞቹ ቅጠሎች ከረገፉ፣ ብርሃን አንሶታል። መብራቱን 5 ሴንቲ ሜትር አውርዱ፤ ሁለት ሳምንት ጠብቁ።

ቅጠሉ ላይ ክር የመሰለ አረንጓዴ አልጌ ከበዛ ወይም ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ከደፈረሰ ብርሃኑ በዝቷል። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ቀንሱ፣ ካልሆነ መብራቱን ከፍ አድርጉ። ሁለቱን አንድ ላይ አትለውጡ፣ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። በአዲስ ገንዳ ላይ የሚታየው ቡናማ አቧራ ግን ከመብራት ጋር ብዙም አይገናኝም፣ በራሱ ጊዜ ይሄዳል።

ክሪፕቶኮሪን በተተከለ በሳምንቱ ቅጠሉ ቢሟሟ አትደንግጡ፣ ቦታ ሲቀየርበት እንዲህ ያደርጋል። ሥሩን አትንቀሉት፣ እንደገና ያቆጠቁጣል። አዲስ የሚወጣው ቅጠል ቢገረጣ የብረት ማዕድን እጥረት ሊሆን ይችላል፤ አሮጌው ቅጠል ላይ ቀዳዳ ቢበዛ ደግሞ ፖታሲየም ጠርጥሩ። ሁለቱንም በመብራት አታክሟቸውም።

ሁለተኛ መብራት መጨመር የሚያስፈልጋችሁ መብራቱ እስከሚቻለው ወርዶ፣ ሰዓቱም 8 ሆኖ፣ ተክሉ አሁንም ከተመዘዘ ብቻ ነው። ያኔም መጀመሪያ ክዳኑን ጥረጉና እንደገና ሉክሱን ለኩ።